ሰዓቱ ሞላ፤ ማን ሰማው?

በአሜሪካ ሶሻል ወርክ በማስተርስ ደረጃ የሚማር ሰው ከመመረቁ በፊት ቢያንስ 900 ሰዓት የመስክ ልምምድ መሥራት አለበት። ይህን የደነገገው ለትምህርት ቤቶቹ ዕውቅና የሚሰጠው የሶሻል ወርክ ትምህርት ምክር ቤት ነው። ተማሪዎቹ ልምምዱን በአጭሩ «ፊልድ» ይሉታል፤ ሲገናኙም ቀድሞ ከአፋቸው የሚወጣው ጥያቄ «ስንት ሰዓት ቀረሽ?» ነው። የሰዓት ቅጹ ይሞላል፣ ሱፐርቫይዘሩ ይፈርማል፣ ድምሩ ያድጋል። ግንቦት ላይ ቁጥሩ ሲደርስ ተማሪዋ ሰውን በንግግር ለማከም የሚያበቃ መሠረት ይዛለች ተብላ የምርቃት ጋዋን ትለብሳለች።

ከዚህ ቁጥር ጀርባ ብዙዎች ሳይመረምሩ የተቀበሉት እምነት አለ፤ ሰው ከታካሚ ፊት በቂ ሰዓት ከተቀመጠ ቴራፒስት ይሆናል የሚል። ትምህርት ቤቶቹ ያምኑታል። ተማሪ በነፃ የሚያገኙት ክሊኒኮችም ያምኑታል፤ ባያምኑት ይጎዳሉ። ተማሪዎቹም ቶሎ እንዲያልቅላቸው ስለሚፈልጉ ያምኑታል። እኔ አላምነውም። ሰዓት ተማሪዋ እዚያ እንደነበረች ይመሰክራል እንጂ እዚያ ምን እንዳደረገች አይናገርም። ሰውን ቴራፒስት የሚያደርገው ሥራውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ሲሰማለትና ሲያርመው ነው፤ ዛሬ ባለው የልምምድ ሥርዓት ውስጥ ደግሞ ከሁሉ የጎደለው ይኸው ነው።

ጉዳዩ የሩቅ አገር የትምህርት ሕግ ብቻ ቢሆን ኖሮ በአማርኛ መጻፍ ባላስፈለገ ነበር። ነገር ግን በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በሲያትል፣ በአትላንታ ያሉ የአገራችን ልጆች ይህን ሙያ መርጠው ይማራሉ፤ አብዛኞቹም እየሠሩ፣ ልጅ እያሳደጉ። በሌላ በኩል፣ በአሜሪካ የቴራፒ አገልግሎት ከሚሰጡት ባለሙያዎች መካከል በቁጥር የሚበልጡት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ወይም ሳይኮሎጂስቶች አይደሉም፤ ሶሻል ወርከሮች ናቸው። ስለዚህ አንድ ወገናችን እንቅልፍ አጥቶ፣ ወይም ከስደት መንገድ ይዞት የመጣው ነገር አላስቀምጥ ብሎት የሕዝብ ክሊኒክ በር ሲያንኳኳ፣ ወንበሩ ላይ የምትጠብቀው ሶሻል ወርከር፣ ብዙ ጊዜም ገና ተማሪ የሆነች ሶሻል ወርከር ነች።

«ሶሻል ወርክና ቴራፒ ምን አገናኛቸው?» ለሚል በአጭሩ ልመልስ። ስሚዝ ኮሌጅ በ1918 የሶሻል ወርክ ሥልጠናውን የከፈተው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት አእምሯቸው ቆስሎ ለሚመለሱ ወታደሮች ባለሙያ ለማፍራት ነበር (ዓመታቱን በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይያዙልኝ)። ዝምድናው አዲስ አይደለም ማለት ነው። በ1994 የሶሻል ወርክ መምህራኑ ሃሪ ስፔክትና ማርክ ኮርትኒ ባሳተሙት መጽሐፍ ሙያው ድሃውን ትቶ የመካከለኛው መደብ አድማጭ ሆኗል ብለው ከሰሱት። ክሱ እውነት አለበት። ቢሆንም ድሃም ይጨነቃል፣ ድሃም ሐዘን ይጎዳዋል፤ ቴራፒ ካገኘም የሚያገኘው ከሶሻል ወርከር ነው። ስለዚህ ሶሻል ወርከሮች ቴራፒ ይሥሩ አይሥሩ የሚለውን ክርክር ለሌላ ጊዜ ልተወውና እንዴት ይማሩት ወደሚለው ልግባ።

ምክር ቤቱ በ2008 ባወጣው መመዘኛ የመስክ ልምምድ የሙያው መለያ የሆነው የማስተማሪያ መንገድ ነው ብሎ አወጀ። ሐኪም በሆስፒታል አልጋ ዙሪያ እንደሚማር፣ ሶሻል ወርከርም በመስክ ይማራል ለማለት ነው። ጥሩ አዋጅ ነው። ከአዋጁ ሥር ግን በቁጥር የተደነገገው ያው ሰዓት ነበር። የዚህ መለኪያ ባዶነት በግልጽ የታየው በ2020 ነው። ኮሮና ገብቶ ክሊኒኮች ሲዘጉ ምክር ቤቱ ተማሪዎች ከሚፈለገው ሰዓት 85 በመቶውን ከሠሩ ይበቃቸዋል አለ፤ ለማስተርስ 765 ሰዓት መሆኑ ነው። ውሳኔው ሰብአዊ ነበር፣ አልነቅፈውም። የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ችግሩ ሲያልፍ ቁጥሩ ወደ 900 ተመለሰ። በቀሩት 135 ሰዓታት ውስጥ ምን ይማሩ ነበር? በ765 የተመረቁት ምን ጎደላቸው? ሰዓቱ በእርግጥ የሚያስተምር ከሆነ እነዚህ ሰዎች ያነሰ ያውቃሉ ማለት ነውና ታካሚዎቻቸውን ማስጠንቀቅ ይገባ ነበር። የማያስተምር ከሆነ ደግሞ ቁጥሩን መመለስ ለምን አስፈለገ? ጥያቄው ሙያውን ሊያንገበግበው ሲገባ በዝምታ ታለፈ።

የሰዓት አማኞች «ልምድ ያስተምራል፣ ይህን ማን ይክዳል?» ይላሉ። በብዙ ሥራ እውነት ነው። በቴራፒ ግን እንደታሰበው አልሆነም። በ2016 ሳይመን ጎልድበርግና ባልደረቦቹ የ170 ቴራፒስቶችንና የ6,591 ታካሚዎቻቸውን ውጤት ለዓመታት ተከታትለው መርምረዋል። የተጠበቀው፣ ዓመታት ሲጨመሩ ታካሚዎቹ የሚያገኙት ለውጥም ይጨምራል የሚል ነበር። የተገኘው በአማካይ በጣም ጥቂት መቀነስ ነው። አንዳንዶቹ ተሻሽለዋል፣ እሱን ማስታወስ ይገባል፤ በጥቅሉ ግን ወንበር ላይ ብዙ መቆየት ብቻውን ሰውን የተሻለ አላደረገም። እነዚህ ተማሪዎች እንኳን አይደሉም፤ ሙያቸው የሆነ፣ በየቀኑ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው።

ምክንያቱን ማየት አያስቸግርም። ቴራፒ በተዘጋ በር ውስጥ የሚሠራ ሥራ ነው፤ የተሳሳተ ንግግር የሚያመጣው ውጤት ለተናጋሪው አይታየውም። ታካሚዋ ስለሞተ ልጇ ልትናገር ስትል ተማሪዋ ደንግጣ ወደ እንቅልፍ መድኃኒቱ ጉዳይ ካዞረችው፣ ታካሚዋ እሺ ብላ ስለ መድኃኒቱ ታወራለች። ክፍለ ጊዜው በሰላም ያልቃል። በሚቀጥለው ሳምንት አትመጣም። ተማሪዋ በማስታወሻዋ ላይ «ቀጠሮ አላከበረችም» ብላ ትጽፋለች፣ ሁለተኛ ትደውላለች፣ ሦስተኛ ደብዳቤ ይላካል፣ መዝገቡ ይዘጋል። የተበላሸው ነገር የት ቦታ እንደተበላሸ የሚነግራት ማንም የለም። ይህ ሃምሳ ጊዜ ቢደገም የምታገኘው ሃምሳ ጊዜ ርዕስ የማስቀየር ልምድ ነው፤ እየለመደችውም ስለምትሄድ በልበ ሙሉነት ታደርገዋለች።

«ሱፐርቪዥን ለምን አለ ታዲያ?» ይባላል። አለ። በብዙ ትምህርት ቤቶች የተለመደው በሳምንት አንድ ሰዓት ያህል ነው። ምክር ቤቱ የማስተርስ ተማሪን ከሚመራ ሱፐርቫይዘር የሚጠይቀው በሙያው የማስተርስ ዲግሪና ከምርቃት በኋላ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ነው፤ ዞሮ ዞሮ እዚያም ጊዜ ተቆጠረ። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ደግሞ የሚወራው ብዙ ነው፤ የመድን ድርጅቱ የሚፈልገው ቅጽ፣ ያልተፈረመ የሕክምና ዕቅድ፣ የልጆች ጥበቃ መሥሪያ ቤት ስልክ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ዕረፍት። የተረፈችው ጥቂት ደቂቃ ላይ «እሺ፣ ወይዘሮዋ እንዴት ናት?» ይባላል። ተማሪዋም ትተርካለች።

ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው በዚህ ትረካ ላይ ነው። ሶሻል ወርክ ከጥንት የወረሰው አንድ ልማድ አለው፤ ተማሪ ከታካሚ ጋር የተነጋገረውን ከትዝታው ቃል በቃል ለመጻፍ እየሞከረ ለሱፐርቫይዘሩ ያቀርባል። ለማሰብ ይረዳል፣ ጊዜም ይፈጃል። ለእርማት ግን ደካማ መሣሪያ ነው፤ ምክንያቱም ተማሪ የሚጽፈው ያየውን ነው። ያላየውን እንዴት ይጽፈዋል? ርዕስ ማስቀየሯን ያላወቀች ተማሪ ርዕስ አስቀየርኩ ብላ አትጽፍም። ያወቀችውንም ሁልጊዜ አታወጣውም። ኒኮላስ ላዳኒና ባልደረቦቹ በ1996 ባሳተሙት ጥናት ሠልጣኝ ቴራፒስቶች ከሱፐርቫይዘራቸው ነገር ይደብቁ እንደሆነ ሲጠይቋቸው፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም አዎን ብለዋል። ከሚደበቁት መካከል ለሱፐርቫይዘሩ ያላቸው ስሜትና ራሳቸው የሠሯቸው ስህተቶች ይገኙበታል። ማን ይፈርድባቸዋል? ነጥብ የሚሰጠውና የሰዓት ቅጹን የሚፈርመው ያው ሰው ነው።

በእኛ አገር የቅኔ ቤት ሥርዓት ግን ተማሪ በትረካ አይመዘንም። ተማሪው ቀኑን ሙሉ ቅኔ ሲቆጥር ውሎ ያዘጋጀውን የኔታ ፊት ቆሞ ይነግራል፤ የኔታም በጆሯቸው ሰምተው ቤት የጎደለውን፣ ምሥጢሩ ያልተገናኘውን እዚያው ያቃናሉ። «ዛሬ አንድ ጥሩ ቅኔ ቆጥሬ ነበር» ብሎ ማውራት አያስመሰክርም። ስንት ክረምት ከረምክ የሚለውም ብቻውን አያስመርቅም፤ የሚመሰክሩለት መምህር የሰሙትን ነው የሚመሰክሩት።

በጆሮ ሰምቶ ማረም ለሶሻል ወርክ ባዕድ ቢሆን ኖሮ ይቅርታ ባደረግሁ ነበር። ግን የራሱ ታሪክ ነው። ካርል ሮጀርስ ሳይኮሎጂስት ቢሆንም በሮቸስተር ለችግረኛ ሕፃናት በሚሠራበት ዘመን ብዙ የተማረው ከሶሻል ወርከሮች ነበር፤ የሶሻል ወርክ መምህርቷ የጄሲ ታፍት ተጽዕኖ ጎልቶ ይታይበታል። ኦሃዮ ሲሄድ ክፍለ ጊዜዎችን በድምፅ መቅዳት ጀመረ፤ በዚያ ዘመን መቅረጫው ራሱ ትልቅ ጣጣ ነበር። በ1942 ባሳተመው መጽሐፍ የአንድን ታካሚ ስምንት ክፍለ ጊዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጽሑፍ አወጣው። ቴራፒስቱ የሳተበትም ቦታ ሳይቀር ለዓለም ታየ። ኢንሱ ኪም በርግ ከኮሪያ የመጣች ስደተኛና ሶሻል ወርከር ነበረች፤ ከባልደረባዋ ከስቲቭ ዴ ሼዘር ጋር በ1978 ሚልዋኪ በከፈቱት ማዕከል በአንድ በኩል ብቻ በሚያሳይ መስታወት ጀርባ ባልደረቦች ተቀምጠው ሥራውን እያዩ ነበር ዘዴያቸውን የገነቡት። የዛሬ ተማሪዎች የእነዚህን ሰዎች ስም ለፈተና ይሸመድዳሉ። ሰዎቹ የተማሩበትን መንገድ ግን ማንም አያቀርብላቸውም። ዛሬ ደግሞ መቅረጫው የእጅ ስልክ የሚያህል ሆኗል።

አሁን ወደ ራሳችን ልጆች ልምጣ፤ የሰዓት ቆጠራው ጉዳት በእነሱ ላይ የከፋ ነውና። የዋሽንግተን ከተማ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት አማርኛ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ክሊኒኮች አማርኛ ተናጋሪ ታካሚ አላቸው፣ አማርኛ ተናጋሪ ባለሙያ ግን በቀላሉ አያገኙም። ታዲያ አማርኛ የምትናገር ተማሪ ለልምምድ ስትመጣ እንደ ሎተሪ ትታያለች። በመጀመሪያው ወር አማርኛ ተናጋሪዎቹ ሁሉ ወደ እሷ ይላካሉ፤ ቀለል ያለውም ከባዱም፣ ራሱን ለማጥፋት የሚያስበውም። በዚህ መካከል «አንድ ደቂቃ ብቻ» ተብላ ከክፍሏ ተጠርታ ለሌላ ቴራፒስት፣ ለሐኪሙ፣ አንዳንዴም ለሒሳብ ክፍሉ ታስተረጉማለች። ያም ሰዓት ነው፤ ይቆጠርላታል።

እስቲ አንዲት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ከዚህች ተማሪ ፊት የተቀመጡበትን የመጀመሪያ ቀን እናስብ። እናትየው ገና ከመቀመጣቸው «የማን ልጅ ነሽ? አገርሽ ወዴት ነው?» ይላሉ። መማሪያ መጽሐፉ ቴራፒስት ስለ ራሱ ብዙ አይናገርም ይላል። ካልመለሰች ደግሞ የተናቁ ይመስላቸዋል፤ ከመለሰች አክስቷን ያውቋታል፣ አንድ ደብር ይሳለማሉ። እሷ አንቱ ትላለች፣ እሳቸው «ልጄ» ይሏታል፤ ልጅ ደግሞ እናትን አይመረምርም። ስለ ባላቸው ዱላ ሊናገሩ ይጀምሩና «ይቅር እባክሽ፣ ምን ያደርግልሻል» ብለው ይመለሳሉ። እዚህ ላይ ምን ይባላል? ዝም ማለት ይሻላል? በአክብሮት መግፋት? ምን ዓይነት አነጋገር እናትየውን ሳያስደነግጥ በሩን ክፍት ያደርጋል? ሥልጠና ማለት ይህ ነው፤ ይህን የሚያስተምር የውጭ መጽሐፍ እምብዛም አይገኝም። የተማሪዋ ሱፐርቫይዘር ግን አማርኛ አይሰማም። ተማሪዋ ወደ እንግሊዝኛ ጠቅልላ የምትነግረውን ብቻ ይሰማል፤ ጠቅልላ ስትነግረው ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስላል። እሱም «በጣም ጥሩ ነው፣ በባህል የተቃኘ ሥራ ነው» ብሎ ያደንቃታል። አድናቆቱ ቅን ነው፤ ያልሰማውን ሥራ ማድነቁ ግን ለእሷም ለእናትየውም ምንም አልጨመረም።

እንዲህ እያለች 900 ሰዓት የሞላች ተማሪ በአማርኛ የሠራችው አንድም ክፍለ ጊዜ በሚገባው ሰው ጆሮ ሳይገባ ልትመረቅ ትችላለች። በወረቀት ላይ ግን በቋንቋው የሠለጠነች ባለሙያ ነች፤ ቀጣሪውም እንደዚያው አድርጎ ይቀበላታል። ክፉው ነገር ራሷም ማመኗ ነው። መድኃኒቱ ከባድ አልነበረም። በዋሽንግተን አካባቢ ላይሰንስ ያላቸውና ዓመታት የሠሩ አማርኛ ተናጋሪ ሶሻል ወርከሮች አሉ። ትምህርት ቤቶች ተባብረው ለእነዚህ ሰዎች የሚገባቸውን ክፍያ ከፍለው፣ በየሁለት ሳምንቱ የአምስት የስድስት ተማሪዎችን ቅጂ በቡድን እንዲሰሙ ቢያደርጉ፣ ዛሬ ማንም የማይሰማው ሥራ ጆሮ ያገኛል። ያልተደረገው ገንዘብ ጠፍቶ ነው ብዬ አላምንም፤ የሰዓት ቅጹ ይህን ስለማይጠይቅ ነው።

የሚመጣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። አንደኛው ምሥጢር ነው። «ታካሚ መቀረጽ አይፈልግም፤ ሐበሻማ ጨርሶ አይሞከርም» ይላሉ። ፍርሃቱን አላቃልልም። መንግሥት የሚያዳምጥበት አገር የኖረ፣ የጥገኝነት ጉዳዩ ያልተወሰነለት፣ ወሬ በአንድ እሑድ ከተማ በሚያዳርስበት ማኅበረሰብ ውስጥ ያለ ሰው መቅረጫ ቢፈራ እውነት አለው። ነገር ግን ተቃውሞውን የሚያነሱት አብዛኛውን ጊዜ ታካሚዎቹ ሳይሆኑ ባለሙያዎቹ ናቸው፤ ታካሚው ገና አልተጠየቀም። «ተማሪ ነኝ፤ በደንብ እንዳግዝዎ መምህሬ እንዲሰማኝ እፈልጋለሁ፤ እሷ ከሰማችው በኋላ ይጠፋል፤ እምቢ ቢሉ ሕክምናዎ አይቀርብዎትም» ብሎ በቅንነት መጠየቅ ይቻላል። እሺ የሚል ይገኛል፤ እምቢ ያለም መብቱ ነው። መቅዳት ካልተቻለ ሱፐርቫይዘሩ ክፍሉ ውስጥ አብሮ ይቀመጥ። የጥርስ ሕክምና ተማሪ ጥርስ ሲነቅል መምህሩ አጠገቡ ቢቆም ማንም ታካሚ ምሥጢሬ ወጣ አይልም፤ እንዲያውም ይረጋጋል። ደግሞስ ተማሪ በምሥጢር ስም ብቻዋን ስትተው የሚጠበቀው የማን ምሥጢር ነው? ብዙ ጊዜ የተማሪዋ ጉድለትና የክሊኒኩ ቸልተኝነት ነው።

ሁለተኛው ገንዘብና ጊዜ ነው፤ እዚህ ላይ ተቃዋሚዎቼ እውነት አላቸው፣ ግን የእውነቱን ግማሽ ብቻ ነው የሚናገሩት። ሱፐርቫይዘሮቹ በአብዛኛው ለዚህ ተብሎ አይከፈላቸውም፤ የራሳቸውን የታካሚ ቁጥር ተሸክመው በቀና ልብ የሚያደርጉት ነው። ተማሪዎቹም በአብዛኛው አይከፈላቸውም። ይልቁንም ልምምዱ እንደ ትምህርት ክሬዲት ስለሚታሰብ ለትምህርት ቤቱ ይከፍላሉ። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን በነፃ ሠርታ፣ ማታ ተረኛ ሆና በአረጋውያን ቤት የምታድር የሐበሻ ተማሪ ለዚህ ክፍያ ምን እንዳገኘች ብትጠይቅ ድፍረት አይሆንባትም። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው «ለልምምድ ክፍያ» የሚል የተማሪዎች ንቅናቄ ወደ ሌሎች ግዛቶች ተዛምቷል። አውስትራሊያ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ አቅማቸው ለሚያንስ የሶሻል ወርክ፣ የመምህርነትና የነርስነት ተማሪዎች የልምምድ ጊዜ ክፍያ ጀምራለች። ሁለቱንም እደግፋለሁ። ግን የንቅናቄው ክርክርም በዚያው ሰዓት ዙሪያ የሚሽከረከር ነው፤ 900 ሰዓቱን ክፈሉን ይላል እንጂ በ900 ሰዓቱ ውስጥ ምን ታስተምሩናላችሁ አይልም። ክፍያ ብቻ ከተገኘ ማንም የማይሰማቸው ተማሪዎች ደመወዝ ያላቸው ማንም የማይሰማቸው ተማሪዎች ይሆናሉ።

የተሻለ ነገር ይቻላል ለሚለው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እንግሊዝ በ2008 በብሔራዊ የጤና አገልግሎቷ ውስጥ የጀመረችው የንግግር ሕክምና መርሐ ግብር ቴራፒስት የሚያሠለጥነው ደመወዝ እየከፈለ ነው፤ ሶሻል ወርከሮችም ከሚገቡት ሙያተኞች መካከል ናቸው። ሠልጣኞቹ ከታካሚ ጋር የሠሩትን በድምፅ ወይም በምስል ቀድተው ያቀርባሉ፤ ቅጂው በተወሰነ መመዘኛ ነጥብ ይሰጠዋል፣ መውደቅም አለ። መርሐ ግብሩ በዋናነት የሚያሠለጥንበት የኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ የአገሪቱ ማኅበር ለዕውቅና የሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን 200 ሰዓት ክትትል ያለው የሕክምና ሥራና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተሠሩ ስምንት ታካሚዎች ነው፤ ከእነዚህ ሦስቱ ላይ ቅጂ የሚሰማበት ጥብቅ ክትትል ይደረጋል። ሁለቱን ቁጥሮች በቀጥታ ማወዳደር ተገቢ አይሆንም፤ የአሜሪካው 900 ስብሰባውን፣ ስልኩን፣ ቅጽ መሙላቱን ሁሉ ያጠቃልላል፣ የእንግሊዞቹ ሠልጣኞችም ብዙዎቹ አስቀድመው ሌላ ሙያ ያላቸው ናቸው። ለእኔ ጉዳይ የሚበቃኝ አንድ ነገር ነው፤ እዚያ ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ጆሮው ትልቅ ነው።

የሰዓትን ጥቅም ጨርሼ አልክድም። በአንድ ክረምት ብቻ ቴራፒስት መሆን አይቻልም፤ ፍርሃት እስኪለቅ፣ ታካሚ እስኪለመድ ጊዜ ያስፈልጋል። ሰዓት ደጁን መክፈቻ ይሁን፤ ምስክር ወረቀት አይሁን። ከ900 ውስጥ 300ውን ቀንሶ፣ በተረፈው ገንዘብና ጊዜ የተማሪዋን ሥራ በየሳምንቱ በጆሮ መስማት የተሻለ ቴራፒስት ያወጣል ብዬ እከራከራለሁ። ቢያንስ ታካሚዎችን ለአካዴሚው የቀን መቁጠሪያ መገበራችን ይቀንስ ነበር። ዛሬ ሕክምና የሚያልቀው ታካሚው ሲሻለው ሳይሆን ግንቦት ሲገባ ነው፤ በመስከረም አዲስ ተማሪ ትመጣለች፣ ታካሚውም ታሪኩን ከሀሁ ይጀምራል።

ከምርቃት በኋላም ነገሩ አይለወጥም። በራሱ ቴራፒ ለመሥራት የሚያስችለውን የክሊኒክ ላይሰንስ የሚፈልግ ተመራቂ እንደ ግዛቱ ሌላ ብዙ ሰዓት ይቆጥራል፤ ካሊፎርኒያ 3,000 ትጠይቃለች። ከዚያ የምርጫ ጥያቄዎች ፈተና ይመጣል። የፈተናው ባለቤት ድርጅት በ2022 ይፋ ባደረገው መረጃ ከ2018 እስከ 2021 የክሊኒክ ፈተናውን በመጀመሪያ ሙከራቸው ያለፉት ከነጭ ተፈታኞች 84 በመቶ ገደማ፣ ከጥቁሮቹ 45 በመቶ ገደማ ነበሩ። የእኛም ልጆች የሚቆጠሩት ከኋለኞቹ ጋር ነው። አንዲት ተፈታኝ ከታካሚ ፊት ምን እንደምትሠራ ቅጂ ሰምቶ የመዘነ የለም፤ በሰዓትና በምርጫ ጥያቄ ብቻ ሙያዋ ተወሰነ። ከመጀመሪያው ታካሚ እስከ ላይሰንስ ድረስ አንድም ሙሉ ክፍለ ጊዜ በሌላ ባለሙያ ጆሮ ሳይሰማ ማለፍ በሚቻልበት ሥርዓት ውስጥ ሕዝብን እንጠብቃለን ማለት ድፍረት ይጠይቃል።

ስለ አገር ቤትም አንድ ቃል። በ1959 ተከፍቶ በደርግ ዘመን የተዘጋው የአዲስ አበባው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በ2004 በድኅረ ምረቃ ደረጃ እንደገና ሲከፈት፣ ከረዱት መካከል በቺካጎ የሚገኘው የጄን አዳምስ ኮሌጅ ነበር። ዝምድናው ጠቅሟል። ዛሬ ከአረብ አገር ተጎድተው ለሚመለሱ እህቶች፣ ጦርነት ላፈናቀላቸው ቤተሰቦች የሥነ ልቦና ድጋፍ የሚሰጡ ሶሻል ወርከሮች በብዛት ይፈለጋሉ፤ ሥልጠናቸውን የሚነድፉ ሰዎች ከአሜሪካ ለመቅዳት ሲነሱ መጀመሪያ የሚያገኙት የሰዓት ሠንጠረዡን ነው፤ ለመቅዳት ከሁሉ ይቀላልና። እባካችሁ እሱን ተዉት። ተማሪና መምህር አንድ ክፍል ውስጥ ከታካሚ ጋር አብረው የሚቀመጡበትን ሥርዓት አስቀድሙ፤ የሚፈልገው ሦስተኛ ወንበር ብቻ ነው።

ለአንተም፣ ለአንቺም፣ ዘንድሮ የልምምድ ቦታ ለምትፈልጉ። ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ «ጥያቄ አለሽ?» ትባያለሽ። ስለ ቀናትና ስለ መኪና ማቆሚያ አትጠይቂ፤ እሱ በኢሜይል ይመጣል። «ከታካሚ ጋር ስሠራ በጆሮው የሚሰማኝ ማነው? በወር ስንት ጊዜ?» ብለሽ ጠይቂ። በአማርኛ የምትሠሪ ከሆነ «አማርኛ የሚሰማ ማን አለ?» ብለሽ ጨምሪበት። መልሱ «በየሳምንቱ እንነጋገራለን» ከሆነ ጥያቄሽ አልተመለሰም፤ ድገሚው። ሁለተኛም ካልተመለሰ፣ አማራጭ ካለሽ ሌላ ቦታ ፈልጊ፤ ከሌለሽም መልሱን ለትምህርት ቤትሽ የመስክ ልምምድ ቢሮ በጽሑፍ አስታውቂ። የሚከፈለው ክፍያ ያንቺ ነው፤ ነገ ከፊትሽ የሚቀመጡት እናትም ያንቺ ኃላፊነት ናቸው።